የነፋስ እጅጌ

ቁልፉን ያስረከቡኝ የማኅበሩ ሰዎች፣
አምስት ሽማግሌ፣ ሁለት አስተማሪዎች፣
"ቀላል ነው" ብለውኝ ነበር፤ ቀላል ነው በእውነት፦
በግ ማባረር፣ ሣር ማጨድ፣ ሬዲዮ መስማት፣
ማዕበል ሲመጣ የሜዳውን ጫፍ ሄዶ መለካት፤
ስድስት መቶ ሜትር ነው ሲጎድል ባሕሩ፣
ሲሞላ ግን፣ እንጃ፣ ዓሦቹ ይናገሩ።

ከተማችን ኪላንቶ፣ ከቺሌ ደቡብ ጫፍ፣
መንገድ የማይደርሳት፣ የተራራና የባሕር አፋፍ፤
ጀልባ በሳምንት አንዴ፣ እሱም ከፈለገ፤
ሌላ በር ሲያጣ ሰው፣ ለሰማይ ደጅ ጠረገ።

የአባልነት መዋጮ፣ አንድ ጆንያ ድንች፣
ወይ የሁለት ቀን ጉልበት፣ ወይ ለአጥሩ አራት እንጨቶች።
የማረፊያ ክፍያ ከብስኩት ጣሳ ይጣላል፤
ጣሳው አይቆለፍም፤ የሚሰርቀው ይታወቃል።

ዶን ኦናሲሞ አለ፣ የበጎቹ ጌታ፣
አጥር ያጠርን ለታ የነሳን ሰላምታ።
"ለማን ነው ይህ ሁሉ ሣር?" ሲል መልስ አላገኘሁም፤
አውሮፕላን አይግጥም፤ እሱን አልክድም።
በጎቹ ሌሊት ይገባሉ፤ ጠዋት በፉጨት እመልሳለሁ፤
እሱ ከደጃፉ ያየኛል፤ እኔ ባርኔጣ አነሳለሁ።

ነሐሴ ላይ፣ ያ ሰላማዊ ብለው የሰየሙት ውቅያኖስ
ሰላሙን ጥሎ ሦስት ቀን ሙሉ ሲያለቅስ፣
የነፋስ ማሳያችንን ከነቀለበቱ ነጥቆ ሄደ፤
ምሰሶው ብቻውን ቀረ፣ ወዳጅ እንደ ካደው፣ እንደ ተካደ።

ባልታሳር ከላይ በሬዲዮ፦ "ነፋሱ ከየት ነው?"
"ከፊቴ" እለዋለሁ። "እሺ፣ ፊትህስ ወዴት ነው?"

ጣሳውን ገልብጠን ቆጠርን፤ እጅ አጠረን፤
ለክፍለ ሀገሩ ጻፍን፤ መልሱ ቀረን።

ኤዱቪና መጣች በአራተኛው ጠዋት፣
የታጠፈ ነገር ሸጉጣ ከብብት።
የሮሰንዶ የዝናብ ልብስ፣ ብርቱካንማ ቀለም፤
ያን ቀን "ብራ ነው" ብሎ ሚስማሩ ላይ ትቶት ነበር፤
ጀልባው ተመልሷል፤ ሮሰንዶ ግን የለም።

ሁለቱን እጅጌዎች ከትከሻው ቆርጣ፣
ርዝመቱ እንዲበቃ ከጀርባው ጨርቅ አውጥታ፣
አፋቸውን በመረብ ክር ቀምቅማ፣
"አንዱን ስቀልልኝ፤ አንዱ መጠባበቂያ ነው" አለች።
መርፌው ኮሌታዋ ላይ ነበር፤ ወደ ምሰሶው አየች።

ሰቀልኩት። ነፋስ ገባበት። ክንድ ሆነ።
ክርኑ ጋ እስከ ዛሬ ጥቂት ይታጠፋል፣
መቅዘፊያ የለመደ እንዴት ቀጥ ይላል።

እጅ ያጠረን ሰዎች ባዶ እጅጌ ሰቅለን፣
በሱ እየተመራን ሐኪም ተቀበልን፤
ክትባት፣ ፖስታ፣ የትምህርት ቤት ጠመኔ፣
አንዴም የሠርግ ኬክ፣ ጠርዙን የላስኩት እኔ።

ሰው "ወደ ነፈሰበት ይነፍሳል" ተብሎ ይሰደባል፤
እዚህ ሜዳ ላይ ግን ያልዞረ ነው ሰው የሚገድል።
ሮሰንዶ፣ ግትሩ፣ ያን ቀን እንኳ "ተው" ሲሉት ያልሰማ፣
ዛሬ በቀን አሥር ጊዜ ይዞራል፣ ሳያቅማማ።

ባልታሳር ጸጥ ያለ ቀን ይወዳል፤ ለኔም ሥራው ይቀለኛል፤
እጅጌው ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ የማንም ሳይሆን ይውላል።
ኤዱቪና በዚያ ቀን በሜዳው በኩል አታልፍም፤
በታች፣ በዓለቱ ትዞራለች፤ ቀናም አትልም።
ነፋስ በጠና ቀን ግን፣ በረራ በተሰረዘ፣
አጥሩ ጋ ትቆማለች፣ ቅርጫቷ ክንዷ ላይ እንደ ተያዘ፣
ያ ክንድ ከባሕሩ ወደ ሰፈሩ ሲዘረጋ፣
ወደ ቆርቆሮ ጣሪያዋ፣ ወደ በሯ፣ እስኪመሽ፣ አንዳንዴም እስኪነጋ።

ሰሞኑን ጫፉ ተተልትሏል፤ ስፌቱም ላልቷል።
ሁለተኛው መሳቢያዬ ውስጥ፣ ከመዝገቡ ሥር ተኝቷል።
የቱ ቀኙ፣ የቱ ግራው እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

የዛሬው መዝገብ፦
ሐሙስ። በረራ የለም።
በጎች አሥራ አንድ፣ ወጥተዋል።
ነፋስ ከምዕራብ፣ ብርቱ።
አጥሩ ጋ አንድ ሰው።