«ለ» የተጻፈበት ጥግ

አዳማ ነፋሱ ባለቤት ነው፣ እኛ ተከራይ፤
ቆርቆሮ ሲወስድ ማንም ጎረቤት አይልም «ዋይ!»
ይመጣል አባቴ መሰላል ተሸክሞ፣
ቱንቢውን በኪሱ፣ እርሳሱን በጆሮው አጋድሞ።

ሁሪሳ አናጢው፣ ፊደል ያልቆጠረ፣
ከቦኩ እስከ ገንደ ጋራ ስንት ጣራ ያዋቀረ፣
ሞራሌ ሲያጋጥም እንዲህ ይለኝ ነበረ፦
«ቁንጮውን ካጠበብሽ፣ ሁለቱ እግሮች ይቆማሉ፤
ቁንጮውን ብትከፍቺው፣ ተንጋለው ይተኛሉ።
ካንድ ትሪ የሚበሉ ሦስት ወንድማማች ናቸው፣
አንዱ ጉርሻ ሲያገዝፍ ሁለቱን የሚያንሳቸው።
ለዚህ አገር ነፋስ ግን ደረት አይነፋም፣
ይጎንበስ ጣራችን፤ ማጎንበስ አይከፋም።»

ትሪው ስንት እንደሚይዝ ግን አልነገረኝም።
ቁጥሩን አያውቀውም። ጣራው ግን አያዘምም።

ቁጥሩን ያመጣው መምህር እንግዳሸት ነው፣ ሰባተኛ ክፍል፤
«ሦስት ጎን ቁረጡ፤ ጥጎቹን ገንጥላችሁ፣
ጫፍ ለጫፍ ሲገጥሙ ምን እንደሚመስል
ነገ ንገሩኝ።»

ካለፈው ዓመት ካላንደር ነሐሴን ቆረጥሁኝ፣
ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ ጥግ ጥጉን ጻፍሁኝ፤
በአባቴ መሥሪያ ጠረጴዛ፣ የመጋዙን ብናኝ ጠርጌ
ቀድጄ ሳሰፍር፣
መጣ ባለቤቱ፤ ሳያንኳኳ፣ ሳይል «እንዴት ናችሁ»፣
«ለ»ን አንሥቶ ወጣ።
በጅቡቲው መንገድ፣ በከባድ መኪኖቹ መሐል፣
ነጭ ነገር ሲንከባለል አየሁ።
ከዚያ አላየሁም።

አለቀስሁ። አባቴ ከመሰላሉ ወረደ፣
«ምን ጠፋ?» አለኝ። «ጥግ! ነፋስ ወሰደ!»
ማስመሪያውን አጋድሞ «ሀ»ን ከግራ አስተኛ፣
«ሐ»ን ከቀኝ፤ ሹል ጫፋቸውን ካንድ ነጥብ አገናኘ።
መሐላቸው ክፍት ቀረ።
ከጆሮው እርሳሱን አውርዶ ክፍቱን በሁለት መስመር አጠረ።
«ይኸው ጥግሽ» አለ። «ሁለቱን ካወቅሻቸው የት አባቱ ይደርሳል?
የሚበር ነገርም ልኩን ትቶ ይሄዳል።»

ለካሁት። ሀ ሃምሳ ወጣ፣ ሐ ሰባ፤ ክፍቱ ስልሳ።
መቶ ሰማንያ። ትሪው አልጎደለም፤ ምንም አልተረሳ።

መምህሩ ግን ከአሥር አምስት ሰጠኝ፤
«አንድ ወረቀት ጎድሏል» ብሎ በቀይ ጻፈልኝ።

ለሊሳ ወንድሜ በኋላ ነው የሄደ፣
ባንድ የረዳት ወንበር በዚያው መንገድ ነጎደ።
ካዋሽ ደወለልን። ከሚሌም አንድ ጊዜ።
ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ አይሠራም።

ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ሦስት ፍራሽ ነበረን።
ዛሬም እኔ ግድግዳውን፣ አባቴ በሩን ይዘን
እንተኛለን፤ መሐሉን ማንም አልተስፋፋበትም፣
ብርድ በሆነ ሌሊት እንኳ።

ባለፈው ክረምት ያንን ጠረጴዛ አባቴ ላገው፤
ቧጨራውን፣ ቀለሙን፣ የሙጫውን ጠባሳ ሁሉ አነሣ።
የእርሳሱ መስመር ጋ ሲደርስ
መላጊያውን አዙሮ አለፈ።
እኔም አልጠየቅሁትም።
እሱም ነፋስ ሲነሣ በሩን አይቀረቅርም።