ለሦስት አንድ

ቢቸና፣ መስከረም፣ ዘጠነኛ «ሐ» ክፍል፣
የፊዚክስ መጽሐፍ በሰልፍ ሲታደል፣
ጋሽ ቢልልኝ መጡ፣ መነጽር ሰክተው፣
«ለሦስት አንድ!» አሉን፣ ጣታቸውን ቆጥረው፤
«የቀደደው ልጅ ግን፣ ዋጋው እጥፍ ነው!»

ፈረምን በተራ፦ እኔ በእስክሪብቶ፣
ይታይሽ በኔው፣ የሷ ጫፉ ሞቶ፤
እንየው በእርሳስ፤ ቁጣ ወረደበት፣
«ይሄ ፊርማ ነው ወይ?» በላጲስ ጠፋበት።

ሰኞና ማክሰኞ መጽሐፉ ከኔ ነው፣
ረቡዕና ሐሙስ ይወስዳል እንየው፣
ዓርብ ይታይሽ ናት፤
በፌስታል ሸፍና፣ ከነጠላዋ ስር፣
ሱሃን ትሻገራለች፣ ስንቅ ልታመጣ ከአገር፤
ቅዳሜን እርሻ ላይ ጎንበስ ቀና ብላ፣
እሑድን በኩራዝ ምዕራፉን ጠቅልላ፣
ሰኞ ጠዋት ከተፍ፣ በጀርባ ስንቋን አዝላ።

ዳር ዳሩ ጽሑፍ ነው። ቀድመውን ያለፉ፣
ስም የለሽ ልጆች ናቸው በእርሳስ የጻፉ፦
«ገጽ ስድሳን ክፈት።» ከፈትን ስድሳን።
«አሁን ዘጠና ሂድ።» ሄድን፣ ጓጓን፣ ሳቅን።
ዘጠና ላይ «ቂል!» ይላል፤ ተሰደብን ሦስታችን።

ትምህርቱማ ትምህርት! ፕላዝማው ይበራል፣
የማናውቀው ሰው በፈረንጅ አፍ ይሮጣል፣
«ተወያዩ» ይለናል፤ ሳንጀምር «ይበቃል»፤
መብራት ድርግም ሲል ክፍሉ በሳቅ ይቀልጣል።
መምህር ሽባባው ያኔ ኮቱን አራግፎ፣
«ሞገድ» የሚል ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፎ፣
የመዝለያ ገመድ ከሴቶች ተውሶ፣
አንዱን ጫፍ እንየውን፣ አንዱን እኔን አስይዞ፣
«ሞገድ ይሄ ነው» አለ፣ «ጉልበት ያሻግራል፣
ገመዱ ግን ልጆች፣ እጃችሁ ላይ ይቀራል።»

ሰኔ ገባ። ሰኞ። ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ፣
ይታይሽ የለችም። ስሟ ተጠራ፣ ተጠራ።
ሐሙስ ነው ፈተናው። እንየው ተቆጣ፦
«መጽሐፉን አስቀርታ ጣለችን ከጣጣ!»
ከወፍጮው ጀርባ ሄድን፣ ኪራይ ቤቷ ድረስ፤
ቁልፍ። ቁልፉ ላይ ዝናብ። ተመለስን በእርጥብ ልብስ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በሁለተኛው ደወል፣
በሩ ላይ ቆመች፤ ጭቃ እስከ ወገቧ፣ አንድ ጫማ ጎድሏል።
«ሱሃ ሞልቶ» አለች፣ «ሌሊቱን ጠበቅሁት፤
ጠዋት ጎደል ሲል፣ ልሻገር ደፈርኩት፤
መኻል ላይ አዳለጠኝ። መጽሐፍ በግራ፣ ስንቅ በቀኝ ይዤ ነበር፤
አንዱን መልቀቅ ነበር፤ ስንቁን ለቀቅሁት።»
ሽባባውን አይታ፣ ከንፈሯ እየራደ፦
«ሱሃ ሞገድ አይደለም፤ ስንቄን ይዞት ሄደ።»

መጽሐፉ አብጦ አልዘጋም አለ፤
ክፍሉ በሙሉ ወጣ፣ ፀሐይዋ ሳለ።
አንዱ ገጽ ሲለያይ በምላጭ፣ እንዳይሰነጠቅ፣
ከሚኒ ሚዲያ ክፍል ሙዚቃው ሲለቀቅ፣
ስድሳ ሰባት ልጆች ለአንድ መጽሐፍ፣ እፍ፣ እፍ፣
ቁጥር እየጠራን፦ «ሠላሳ ደረቀ! እለፍ!»

ስናደርቀው ውለን፣ ሳናስበው አጠናነው።

እንየው ምንም አላለም። ሲመሽ ግን አየሁት፤
የስንቁን እኩሌታ በሯ ላይ ሲሰቅላት፣
አንኳኩቶ ሮጠ፣ ልክ እንደ ሌባ፤
ውሻ አባረረው፤ ቦይ ውስጥም ገባ።

የሰኔ መጨረሻ። መጽሐፍ ሲመለስ፣
ጋሽ ቢልልኝ ያዙት፣ አሉት ደባበስ፤
«ይሄ ልጅ ወፍሯል!» አሉ፣ መነጽር አውልቀው፣
አገላበጡና፣ አሸተቱት ጠጋ ብለው፤
ስድሳ ብር ካሳ ጻፉ፤ አልተከራከርንም፤
ሃያ፣ ሃያ፣ ሃያ፤ ስሌቱ አይከብድም።

ግን ገጽ ዘጠና ላይ፣ «ቂል!» ከሚለው በታች፣
ይታይሽ በኔው እስክሪብቶ መስመር አስምራለች፤
ጭቃው በደረቀበት፣ ቡናማው ጠርዝ ዳር፦
«ሱሃ፣ ሰኔ ሦስት፣ እዚህ ደርሶ ነበር።»