ያልመጣው ትኩሳት

በካሩን ወንዝ ዳር፣ በቲር ወር ሙቀት፣
ጡቡ በሚግልበት፣ ጥላ በሚጠፋበት፣
የሐኪም ቡርዚን ረዳት ነበርሁ እኔ፤
ሆምጣጤው በእጄ፣ መዝገቡ ከጎኔ።

ቃል አያበዛም። ይህን ግን ይለኛል፦
«ዴናግ፣ በሽታ እንግዳ ነው፣ በር ያንኳኳል፤
ገብቶ ከተቀመጠ እግሩን ከማጠብ
ሳይደርስ በሩቁ መንገዱን ማጥፋት ይሻላል።»

ቆዳ ፋቂውን ከምንጩ ራስ ሲያስነሣ፣
እህል ነጋዴውን «ወጣ በል፣ ተነሣ፤
ሳትጠግብ እጅህን ከገበታው አንሣ» ሲል፣
ጓሮ ለጓሮ ዞሮ ጉድጓድ ሲያሸት ሲውል፣
ሰዉ ይስቅበታል፦
«ከጥበቡ ይልቅ አፍንጫው ይረዝማል!»

ሦስት በጋ አለፈ፤ አንድ ሰው አልጋለ፤
የገበያው ሹም ጣቱን ቆጥሮ እንዲህ አለ፦
«ላልታመመ ከተማ ሐኪም ምን ያደርጋል?
ገብሱ ለፈረስ ይሁን፣ ፈረስ እንኳ ይጫናል።»
ደሞዙን ቆረጡት።
ቡርዚን ጢሙን ዳሰሰ፦ «እውነት አላቸው፤
ላልመጣ ነገር ምስክሩ ማነው?»

በዚያው ሌሊት፣ ከላይ፣ ከቦዩ አፍ ላይ
በቅሎ ሞታ አገኘን። ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣
ውሃው በጎኗ ሾልኮ
ቁልቁል ይወርዳል፣ ወደተኛው ከተማ።
ደሞዝ የለን፤ አፍንጫ ግን አለን።
ጨርቅ በሆምጣጤ ነክረን ፊታችንን አሰርን።
ገመዱን በቁርጭምጭሚቷ፤ እሱ ሳበ፣ እኔ ገፋሁ፣
ሁለቴ ወደቀ፣ አንዴ እኔም ወደቅሁ፣
እስከ ደረቁ ጭንጫ፣ ለአሞራው፣ ለውሻው፣
መሬቱም እንዳይረክስ፣ እንዳይበደል ውሃው።
ያቆረውን ደፋን፣ ደለሉን ጠረግን፣
ጎህ ሲቀድ አዲሱን ውሃ ለቀቅን።

ሴቶቹ መጡ፣ እንስራ ይዘው፣ ስለ ሰርግ እያወሩ።
አንዲት ሕፃን በእፍኟ ጠጣች፤
አገጯ ተንጠባጠበ፣ ሳቀች።
ሹሙም አለፈ። ሽታችንን ሸሽቶ አፍንጫውን ያዘ፦
«አየህ ቡርዚን፣ ያለ አንተም ደህና ነን!»
ሽማግሌው ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ፤
እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ማታ መዝገቡን ገለጥሁ። ምን ልጻፍ?
ያልተለቀሰ ለቅሶ በምን ይቆጠራል?
ያልተቀደደ ከፈን ስንት ክንድ ይሆናል?
ብዙ ቆየሁ፤ ቀለሙ ብዕሬ ላይ ደረቀ።
ከቀኑ አጠገብ እንዲህ አልሁ፦
«በቅሎ፣ አንዲት። ሆምጣጤ፣ ሁለት ማሰሮ።
ሌላ የሆነ ነገር የለም።»