ቦቢን

ከባዶ ቦቢኖች ሣጥን ሥር ተኝቶ፣
የጥጥ ብናኝ ለብሶ፣ ዱቄት መስሎ ነጥቶ፣
ያኔ ነው ያገኘሁት፣ በሌሊት ፈረቃ፤
በቱታዬ ኪስ ውስጥ፣
ከዘበኛው ዓይን ሥር ሾልኮ ያለፈ ዕቃ።

ስሙም ቦቢን ሆነ። ይኸው ዐሥራ አራት ዓመቱ።
እኔ ጡረታ ወጣሁ። እሱ ግን አልወጣም፤
አይጥ ሲያባርር ያድራል፣ ደሞዝ አይጠይቅም።

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ ይላሉ።
የኔው ግን ረሳ።
ዘንድሮ በሐምሌ፣ ቦርከና ሲያገሳ፣
አይጥ በፊቱ አለፈች፤ ጆሮውን አላነሣ።
አርጅቷል፣ አልኩና
ዘጋሁት ፋይሉን፣
እንደ ጡረታ ቢሮ ሰው፣ ገልጬ ሳላይ ውስጡን።

ከዚያ ደግሞ ውሃው።
የዶሮዎቹ ጣሳ ጧት ጧት ባዶ ሲሆን፣
ቀዳዳ ፈለግሁኝ፣ ገልብጬ ቂጡን።
ጣሳው ደኅና ነበር።
ካፊያ ሲነካው እንኳ
እግሩን በየተራ እያራገፈ በኩራት የሚሄድ፣
ከባልዲው ጠርዝ ላይ አንገቱን ደፍቶ አየሁት፤
ሲጠጣ፣ ሲጠጣ፣ እንደ ግመል ከባቲ መንገድ።

ከግንቡ እስከ ጣሪያው ሁለት ክንድ ቢሆን ነው።
የኮምቦልቻ ፀሐይ ቆርቆሮውን ስታግል
እዚያ ነበር የሚውል።
ቆመ። ሽቅብ አየ። የኋላ እግሮቹን ሰበሰበ፤
ደግሞ ፈታቸው።
ቁጭ ብሎ መዳፉን ላሰ፣
ድሮም መውጣት ያላሰበ መስሎ።

ሃያ ስምንት ዓመት ማሽን ላይ ቆሜያለሁ።
ድር ሊበጠስ ሲል፣ ገና ዓይኔ ሳያየው
መዳፌ ነው የሚያውቀው፤
ከስንት መቶ ክር መሀል የላላችውን አንዷን።
ይኸው እጅ ነው እንግዲህ
በየማታው ቦቢንን ሲያሻሸው የኖረ፣
አከርካሪው እንደ ማበጠሪያ ጥርስ እስኪያወጣ
ምንም ያልነገረኝ፤
ወገቡ ላይ ጠጉሩ እንደ ውል አልባ ክር ሲቋጠር
ያለፈው፣ ያለፈው።

ጎረቤቴ ሉባባ በአጥሩ ብቅ አለች፤
ለኔ ስትናገር አፏን ታሰፋለች፦
«ጋሽ ሸምሱ፣ ድመትዎ ሌሊት ሌሊት ያለቅሳል።
ሁለት ወር አለፈው። እርስዎን እንቅልፍ እንዴት ይወስድዎታል?»

ወሰደኝ።
ያ ሁሉ ማሽን ጆሮዬን በልቶት፣
በቀኝ በኩል የለሁም፣ በግራ በኩል ጥቂት።
እሱ ራስጌዬ ቆሞ በጨለማ ሲጣራ፣
ደኅነኛዋን ጆሮ ተኝቼባት በግራ።

በዘምቢል ይዤው ሄድኩ።
ወረፋው አራት በግ፣ አንድ ሆዱ የተነፋ ጥጃ።
«ለድመት?» አለ አንዱ። ሳቃቸውን አየሁት እንጂ አልሰማሁትም።
ሐኪሙ ልጅ፣ ይርጋ፣ እሱ ግን አልሳቀም።
ድዱን ገልጦ አየ፤ ሆዱን በሁለት ጣት ዳሰሰ፤
«ኩላሊት ይመስለኛል» ሲል ከከንፈሩ አነበብኩ፤
«ደሙ ተመርምሮ ነው እርግጡ የሚለየው፤
ጆሮውም ደክሟል፤ ለዚያ ነው የሚጮኸው።
ውሃ ያበዛው መቼ ነው?»

በሐምሌ፣ አልኩት።
ዋሸሁ። ጣሳውን ያገላበጥኩት በግንቦት ነበር።

አሁን ሌሊት ሌሊት እጄ ጎኑ ላይ ነው።
ዚክሩን ሲጀምር በጣቴ እሰማለሁ፤
ሊያለቅስ ሲል ደግሞ
ጎድኑ ይነዝራል፣ ድር ሊበጠስ እንዳለ፤ እነቃለሁ።
መብራት አበራለሁ፣ ፊቱን እንዲያየኝ።
ውሃውን አቀርባለሁ።
«አለሁ» እለዋለሁ።
እሱ አይሰማኝ፣ እኔም አልሰማኝ፤
ለካ ጮክ ብዬ ኖሯል፦
ጧት በአጥሩ ላይ አፏን አስፍታ ሉባባ፣
«ትናንት ደግሞ» አለችኝ፣ «ሁለታችሁንም ሰማኋችሁ።»