ባለቤትና ተሳቢ

ኮዬ ፈጬ፣ ሕንጻ መቶ አርባ ሁለት፣ ምድር ቤት፣
ገዢ ያጣ ሱቅ ነው የማታ ትምህርት ቤት።
መስኮቱን እኔ ነኝ የገጠምኩለት፤
አንዱ መስታወት ግን ስንጥቅ አለበት፣
(እንዳትነግሩብኝ ለባለቤት።)

ጋሽ ዘርጋው በልጅነቱ ኩባ ተወስዶ፣
ሸንኮራ ሲቆርጥ አድጎ፣ ቋንቋውን ለምዶ፣
ዛሬ ኮቱን ከምስማር ሰቅሎ፣ ጠመኔ ይዞ፣
«መውደድና መጥላት ነው የዛሬው» አለን፤ «ተጠንቀቁ።
በዚህ ቋንቋ ሰው ብርቱካን አይወድም።» ኋላ ያሉት ሳቁ።
«ብርቱካኑ ነው ሰውየውን ደስ የሚለው።
ባለቤቱ ብርቱካኑ ነው፤
እናንተ ተሳቢ ናችሁ።»

«ሜ ጉስታ» ብሎ ጻፈ። ብርቱካኑ ሲበዛ፣ «ሜ ጉስታን»፤
ግሡ የሚቆጥረው እሱን ነው እንጂ አይደለም እኛን።

ተሳቢ ሲል ከውጭ፣ በቂሊንጦ መንገድ፣
ሲሚንቶ የጫነ መኪና ከነተሳቢው ሲያጓራ ሲሄድ፣
ስንጥቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤
ክፍሉ በሳቅ ቀለጠ።

እኔን ግን አልከበደኝም። በአፍ መፍቻዬ ያለ ነው፤
ራበኝ እንላለን፣ ረሃቡ ነው አድራጊው።
ጠማኝ፣ አመመኝ፣ ደከመኝ፣ ናፈቀኝ፣
ሁሉም ከውጭ መጥቶ ነው በሬን የሚያንኳኳብኝ።
ስንት ዓመት እንዲህ ስናገር ኖሬ
ማንም አልነገረኝም፣ እስከ ዛሬ፣
በገዛ ዓረፍተ ነገሬ
ባለቤት እንዳልነበርሁ።
(የኮንዶሚኒየም ዕጣም አልወጣልኝም፤ ነገሩን ለምጃለሁ።)

ዙፋን ከፊቴ ትቀመጣለች፤
ቦሌ ለሚ ሱሪ ትሰፋለች።
ከወገቡ ውስጥ የሚገባ፣ አውራ ጣት የሚያህል ነጭ ጨርቅ አለ፣
በስፓኒሽ የተጻፈ፤
በቀን ስድስት መቶ ጊዜ መርፌዋ በላዩ ያልፋል።
የምሰፋው ነገር ምን እንደሚል ልወቅ ብላ መጣች።
አወቀች።
«በሙቅ ውኃ አይታጠብ» ነው የሚለው።
ያኔ መቅረት ትችል ነበር፤ ትምህርቱ ጣማት።

ተራዋ ደርሶ፣ «ኖ ሜ ጉስታ ኤል ፖልቦ» አለች፤
አቧራው ደስ አይለኝም ማለቷ ነው።
ጋሽ ዘርጋው ደስ አለው።
«አያችሁ፣ አቧራን ጠላሁ አላለችም፤
አቧራው ነው ሞክሮ ሞክሮ ያልሆነለት።»

ዘበኛው ኦቦ ለሜቻ በሩን ተደግፈው ይሰማሉ።
አንዱ ለጨዋታ፣ «አባባ፣ እርስዎስ? ሕንጻው እንዴት ነው?» አላቸው።
ዱላቸውን ወደ አራተኛው ፎቅ አነሱ፣
የተሰጣውን ልብስ አዩ፣ ዲሹን አዩ፣
ዱላውን መለሱ።
«ነቲ ሂንቶሉ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።
ጋሽ ዘርጋው ጠመኔውን አስቀመጠ።
«ያው ነው» አለ ቆይቶ፣ «ያው ሰዋስው ነው።
ሕንጻው ባለቤት፣
እሳቸው…»
አልጨረሰውም። ማንም አልሳቀም።
ይህ ቦታ ሽምብራ በነበረ ጊዜ
ባለቤት ሲባል አቤት የሚል ማን እንደነበር
ሁላችንም እናውቃለን።
ጋሽ ዘርጋው ሰሌዳውን በእጅጌው ጠረገ፤
ኮቱን ሳይለብስ ነበርና፣ ሸሚዙ ነጣ።

ስንወጣ ዙፋንን እስከ ታክሲው ሸኘኋት።
እወድሻለሁ ልላት ነበር፣ አፌ ላይ ደርሶ፤
ግን እወድሻለሁ ስል ባለቤቱ እኔ፣
እሷ የምትሳብ፣ ምን ባጠፋች?
(ባለቤት ሌላም ትርጉም አለው፤ እሱን አላነሳሁም።)
«ሜ ጉስታስ» አልኋት። ደስ ትይኛለሽ።
ሥራው ያንቺ ነው፤ እኔ ደርሶብኝ ነው።

ረዳቱ «ቱሉ ዲምቱ፣ የሞላ!» እያለ ይጮኻል።
አንድ እግሯን አስገብታ ዞረች፦
«መጀመሪያ ያንን መስታወት ቀይረው፤
በረደን።»

በረደን አለች እንጂ በረደኝ አላለች።
ሌሊቱን ሙሉ ያቺን «ን»
ስገጥም ስፈታ አደርሁ።