ሙሉ ስሜ

ሻርጃ፣ ሰባተኛ ፎቅ፣ ልብስ መተኮሻ ቤት፣
ነሐሴ ግድግዳውን ላብ የሚያስልብበት።
ካውያው ይተነፍሳል፣ እኔም እተነፍሳለሁ፣
የሰውየውን ነጭ ቀሚስ እተኩሳለሁ።
እዚህ ስሜ ሚና ነው፤ ማዳም ያወጣችልኝ፣
"ያንቺ ይረዝማል" ብላ አሳጥራ የሰፋችልኝ።
ሁለት ዓመት ከአራት ወር በዚህ ስም ስታዘዝ፣
ሌላው ስሜ ከፓስፖርቴ ጋር መሳቢያ ውስጥ ሲደነዝዝ፣

ስልክ ተደወለ።
"ይመኙሻል ነሽ ወይ?" አለ።
በእጄ የያዝኩት ካውያ እንደ ላባ ቀለለ።

ድምፁ የሐይቅ ሰው ነው፤ ቃሉን ጎትቶ፣ አለዝቦ፣
"አብሽሪ" ይላል በየመሐሉ፣ እንደ ዘመድ ቀርቦ።
ከዋናው መሥሪያ ቤት ነኝ አለ፣ ከሞባይል ገንዘቡ፤
"የላክሽው ብር ተጠርጥሮ ታግዷል ከነሒሳቡ።"
የወንድሜን የይማምን ስም፣ ቆርቆሮው ስንት እንደ ቀረው፣
ሁሉን ያውቃል፤ ታዲያ ባዕድ ነው ብዬ በምን ልጠርጥረው?
"ቁጥር ይደርስሻል አሁን፤ ስድስት ናት፤ አንብቢልኝ፤
ጊዜ የለም እህቴ፣ ሳይዘጋብሽ ቶሎ በይልኝ።"

ከቁጥሩ ሥር ተጽፏል፦ "ለማንም አይነገር"።
እሱ ግን "ማንም" አልነበር።
በዚህ አገር
ስሜን ሙሉውን የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው ነበር።

አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሰባት፣
ሁለት፣ ዘጠኝ። አንዷን እንኳ ሳልስት።

"ጎበዝ!" አለኝና ዘጋው። ያኔ ነው የሸተተኝ፤
ቀሚሱ ደረት ላይ ካውያው ቡናማ ጀልባ ሠርቶ ጠበቀኝ።
የአሥራ አራት ወር ደሞዜ በስድስት ቃል አለቀ፤
የቀሚሱም ዋጋ ደግሞ ከዚህ ወር ላይ ተነጠቀ።

ማታ ማታ አስባለሁ፦ ለዚያ ሰው ማን ነገረው?
እኔው ነኝ። በስልክ ቡድን፣ በገዛ ድምፄ የበተንኩት ነው፦
"የሐይቅ ልጆች፣ ምንዛሬው ዛሬ ስንት ገባ?
የይማም ቤት ቆርቆሮ ጎደለው፣ ክረምቱ ሳይገባ…"
እሱ ጎንበስ ብሎ ለቀመ፤ ያፈሰስኩት እኔ።

ብሩስ ይሁን። ብር በላብ ይተካል።

ትናንት ይማም ደወለ። ሚስቱን ምጥ ይዟታል፤
"አምቡላንስ የለም፤ ለመኪና ላኪልን" ይላል።
ድምፁ የራሱ ነው። ግን ድምፅም ይሰረቃል።
"የጥጃችን ስም ማነው?" አልኩት።
"የቱ ጥጃ?" አለ ደንግጦ።
"ስወጣ ለደላላው የሸጥነው።"
ዝም አለ። ከኋላው የሴት ጩኸት ይሰማል፣ ቆረጥ ቆረጥ ብሎ፣ አምጦ።
"ይመኙ፣ እኔ እኮ ነኝ…"
ከዚያ ሊያረጋጋኝ ፈልጎ
"አብሽሪ" አለኝ።

ዘጋሁበት።