ባዶ ናሙና

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሌቱ ገና ሳይነጋ፣
ልጄን አልስማትም ሄጄ አልጋዋ ጋ።
ሽቶ የለም፣ ሎሽን የለም፣ ሳሙናው ሽታ አልባ፣
ስስ ነው የምንፈልገው፣ በጥፍር ሥር የሚገባ።

ከማቅለሚያው ፋብሪካ በታች፣ ከድልድዩ ግራ፣
ቡናማ ጠርሙሶች፣ ስድስት፣ በየተራ፣
አንገታቸውን ይዤ ወንዙን አስጎነጫቸዋለሁ፣
ቁጥር፣ ሰዓት፣ ሙቀት፣ በእርሳስ እጽፋለሁ።
(እስክሪብቶ ክልክል ነው፤ ቀለሙ ያወራል።)
ሰባተኛው ጠርሙስ ዳር ቆሞ ይቀራል፦
ከቤተ ሙከራ የመጣ ንጹሕ ውሃ ነው፣
ክዳኑን ከፍቼ፣ አየር አሳይቼ፣ መልሼ የምዘጋው።
ስሙ ባዶ ናሙና። ሥራው እኔን መሰለል፣
ወንዙን ሳማ የራሴን እጅ እንዳልዘነጋው።

እናቴ እዚያ ማቅለሚያ ክፍል በነበረች ጊዜ
ወንዙ አይዋሽም ነበር፤ ሰኞ ወይን ጠጅ፣ ሐሙስ ወይባ።
የሚመጣውን ክረምት የኮት ቀለም
ከሊዝቦን ቀድሞ የሚያውቅ እንደኛ ሰፈር የለም።
ዛሬ ኩልል ብሏል፤ ጠጠሩ ይቆጠራል፤
እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ እንዲህ ያምራል።

ከወፍጮው ግድብ ላይ፣ ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣
ይጠብቀኛል ኤርሚኒዮ፣ ከኔም ከፀሐይም ቀድሞ።
ባለፈው ጥር የአንድ ዓሣ ሆድ በሴንጢ ቀዶ
በመዳፉ አሳየኝ፦ ወንድ ነው፤ እንቁላል ግን፣
እንደ ሰናፍጭ ፍሬ፣ ከወንዴው ብልት ተዋህዶ።
«ዲዮሊንዳ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ይሄን ምን ብዬ ልጥራው?
የወንዜ ልጅ ነው፤ ስበላው ኖሬ ዛሬ ልፍራው?»

ፋብሪካው «ውሃ ቀጠነ ብለው ነው» ይላል።
እኔም ብቻውን አልከሰውም።
ማታ ማታ የምውጣት ክኒን፣ ያቺ ነጭ ነጥብ፣
በቧንቧው አድርጋ፣ ከማጣሪያው አምልጣ
ወንዝ ትወርዳለች፤ እኔም አብሬ።
የምናድነውስ ስንት ነው? ጥቂት ቅንጣት ጨው
በትልቅ የዋና ገንዳ።

ውጤቱ ከፖርቶ መጣ።
አንደኛው አለበት። ሁለተኛው አለበት።
እንዲህ እያለ እስከ ስድስት።
ሰባተኛው፣ ባዶው፣
እሱም አለበት።

ያን ሌሊት ቤኔዲታ ክርኗን ስታክ፣ ስታለቅስ፣
ክሬሟን ቀብቻታለሁ፣ እንባዋን እስክታብስ።
ታጥቤ ነበር። ሦስቴ።
ዳኛ ቢሆን ይምረኝ ነበር፤ መሣሪያው ግን ምሕረት አያውቅም።
ባዶው ባዶ ካልሆነ የስድስቱ ምስክርነት አይጸናም፤
ሙሉውን ገጽ በቀይ ሰረዝኩት።

«እንግዲህ ልብላው ወይስ ልተወው?» አለ ኤርሚኒዮ።
«ቆየኝ» አልኩት። ሌላ ቃል አልነበረኝም።
መንጠቆውን አየ፣ ውሃውን አየ፣ ዘንጉን አጣጠፈ።

ዛሬም ማክሰኞ ነው።
ቤኔዲታ በእንቅልፍ ልቧ እጇን ወደ በሩ ዘረጋች።
እጆቼን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ፣ እጇ ተመልሶ እስኪወድቅ።
ከዚያ ጠርሙሶቹን ቆጥሬ ወጣሁ፣
ሰባተኛውን ለብቻው፣
በፎይል ጠቅልዬ።